ርካሹ የሲኤንሲ ርጭት ማቀዝቀዣ፦ አፍንጫው ጥሩ ነው፣ ቀሪውን ራሳችሁ ሥሩት

በሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር በሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን፣ አልሙኒየም የሚቆርጥ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ማሽኑ ደህና እያፏጨ ሄዶ ሄዶ ድንገት ማጉረምረም ይጀምራል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩ በቢቱ፣ ማለትም በሚሽከረከረው መቁረጫ፣ ጥርስ ውስጥ አልሙኒየም ተጋግሮ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ቢቱ አይቆርጥም፣ ይገፋል። ቶሎ ካላቆማችሁት ቋ ይልና ያልቃል። ሌላ ቢት፣ ሌላ ወጪ።

የእኔ ማሽን 6040 የሚባለው ነው። ስሙ እንደሚለው 60 በ40 ሴንቲ የሚሠራ፣ 1.5 ኪሎዋት በውሃ የሚቀዘቅዝ ስፒንድል (ቢቱን የሚያሽከረክረው ሞተር) ያለው። አዲስ አበባ፣ ግቢ ውስጥ ባለች አንድ ክፍል ነው ያስቀመጥኩት። ሥራዬ በአብዛኛው ታፔላ ነው፤ የአክሪሊክ ፊደል፣ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የታመቀ ሰሌዳ)፣ አልፎ አልፎ አልሙኒየም። እንጨቱና ፕላስቲኩ ብዙ አያስቸግሩም። አልሙኒየሙ ነው ቢት የፈጀብኝ።

ፋብሪካ ውስጥ እንደሚደረገው በፈሳሽ ማጠብ ለእንዲህ ያለ ማሽን አይሆንም። ዙሪያው ክፍት ነው። ሥራው የሚታሰርበት ሰሌዳ ኤምዲኤፍ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ስለዚህ የቀረው ርጭት ነው፤ ብዙ አየር፣ ጥቂት ጠብታ።

በኦንላይን ገበያ ከ10 እስከ 20 ዶላር የሚሸጥ ኪት አለ። የምርት ስም የለውም፣ አንዱ ሻጭ ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ፎቶ ነው የሚለጥፈው። የእኔን ያመጣልኝ ወደ ጓንዡ የሚመላለስ ዘመድ ነው፤ ሻንጣ ጥግ ተወትፎ መጣ። ውስጡ አንድ የአልሙኒየም ብሎክ አለ። ብሎኩ ላይ ሁለት መቆጣጠሪያዎች አሉ፣ አንዱ ለአየር አንዱ ለፈሳሽ። ከሱ የሚቀጥል እንደፈለጉ የሚታጠፍ የፕላስቲክ ክንድ፣ ጫፉ ላይ የናስ አፍንጫ፣ ከዚያ ቀጭን ግልጽ ቱቦና ማጣሪያ። መመሪያ የሚባል ነገር የለም።

አሠራሩ ግን መመሪያ አያስፈልገውም። የታመቀው አየር በአፍንጫው ጠባብ ክፍተት ሲወረወር መሀል ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል። ፈሳሹ በዚያ ምክንያት ከጠርሙሱ ተስቦ ይመጣል። ፓምፕ የለም። አየሩ ፈሳሹን በትኖ ቢቱ ላይ ይረጨዋል።

ከሁሉ በፊት አፍንጫውን ፈታሁት። በስልክ ካሜራ አቅርቤ ሳየው የፈሳሹ ቀጭን ቱቦ በትክክል መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ያለው የአየር ክፍተትም እኩል ነው። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ቱቦዋ ትንሽ ወደ ጎን ብታዘነብል ርጭቱ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል። ካርቶን ላይ ስሞክረው ክብ የሆነ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል እርጥበት ሰጠኝ። በዚህ ዋጋ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። ናስ መቦርቦሪያ ትንሽ ቶርኖ ለሌለው ሰው ይህን አፍንጫ ቤት ውስጥ በዚህ ጥራት መሥራት ቀላል አይደለም። ኪቱን የምገዛው ለእሱ ብዬ ነው።

የፈሳሹ ቫልቭ ግን ቀልድ ነው። ሩብ ዙር ሳይሞላ ከምንም ተነስቶ ጎርፍ ይሆናል። ክሩ ልል ስለሆነ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ራሱን በራሱ ይፈታል። በዚያ ላይ በክሩ በኩል አየር ይስባል፤ ግልጹ ቱቦ ውስጥ አረፋ ሲሄድ ይታያል። አረፋ ባለፈ ቁጥር ቢቱ ለትንሽ ጊዜ ደረቁን ይቆርጣል።

መፍትሔው ፋርማሲ ውስጥ ነው ያለው። የጉሉኮስ መስመር ገዛሁ። ያቺ በአውራ ጣት የምትሽከረከረው መቆጣጠሪያ ፈሳሹን በጠብታ ልክ ታሳልፋለች። ለሰው ደም ሥር የተሠራች ናት፤ ለአልሙኒየም ቢበዛበት እንጂ አያንስበትም። ጠብታ የሚታይበትን ክፍል ቆርጬ ጣልኩት፤ አየር ይይዛል፣ በመሳብ ለሚሠራ ነገርም አይመችም። የብሎኩን ቫልቭ በቴፍሎን ጠቅልዬ ሙሉ በሙሉ ከፍቼ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ አረፋ የለም።

ጠርሙሱ ሃይላንድ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ግን የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከአፍንጫው በላይ ከሰቀላችሁት አየሩ ከተዘጋ በኋላም ጠብ ጠብ ሲል ያመሻል። ወለል ላይ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ፈሳሹ ተስቦ እስኪደርስ ቢቱ ሥራውን ጀምሯል። እኔ ከአፍንጫው 15 ሴንቲ ያህል ዝቅ አድርጌ ስፒንድሉን የሚያወጣውና የሚያወርደው ክፍል ላይ አሰርኩት። አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል፣ ልዩነቱ አይቀየርም። ቱቦው መሀል ላይ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ጨመርኩ፤ ፈሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ። ክዳኑን በጋለ መርፌ ብሱት። አለበለዚያ አየር ስለማይገባ ሃይላንዱ ጎኑ ወደ ውስጥ ይጨማደድና ርጭቱ ይጠፋል።

አሁን ወደ እውነተኛው ወጪ እንምጣ፤ ኮምፕሬሰር።

ሻጮቹ ፎቶው ላይ አያሳዩትም። ግን ያለ ኮምፕሬሰር ኪቱ የጠረጴዛ ጌጥ ነው። ዋጋውም የኪቱን ብዙ እጥፍ ነው። የእኔ 50 ሊትር ታንክና 2 የፈረስ ጉልበት ሞተር አለው። ለቀለም ረጪ ይበቃል የሚባለው ነው። ቀለም ረጪ ግን ይረጫል፣ ያርፋል፣ ይረጫል። ሲኤንሲ አያርፍም። አንድ ሥራ አንድ ሰዓት ቢፈጅ አፍንጫው ሰዓቱን ሙሉ አየር ሲበላ ይውላል። ትንንሾቹ ኮምፕሬሰሮች ደግሞ የሠሩትን ያህል እንዲያርፉ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷን ትጨምራለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው ያለነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ቀጭን ስለሆነ ታንኩን ለመሙላት ብዙ መምታት አለበት። ቀጭን አየር ሞተሩንም እንደልቡ አያቀዘቅዘውም፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮች መደበኛ አቅም የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ስለዚህ ቻይናዊው ወይም ሕንዳዊው ዩቲዩበር በትንሽ ኮምፕሬሰር ሲሠራ አይታችሁ አትመኑ። አቅም ካላችሁ ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ግዙ።

ጩኸቱን አላነሳሁም። ግቢያችን ያሉ እናት አንድ ቀን በሩን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ዛሬም አያድርም አይደል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ኮምፕሬሰሩን ከክፍሉ አውጥቼ ከኋላ ግድግዳ ጋር አስጠጋሁት፣ ሥሩ አሮጌ ጎማ አደረግሁ፣ ማታ ማታ አልሙኒየም መቁረጥ ተውኩ። ዘይት አልባና ድምፅ አልባ የሚባሉት አሉ። በእርግጥም ይሻላሉ፣ ግን ዋጋቸው ሌላ ነው።

ጩኸቱንም የአየር ፍጆታውንም የቀነሰልኝ ግፊቱን ማውረዴ ነው። ብዙ ሰው 6 ባር ይለቅና ክፍሉን ጉም በጉም ያደርገዋል። ቪዲዮ ላይ ያምራል። ግን ጉም ሆኖ የሚንሳፈፈው ፈሳሽ ቢቱ ጋር ያልደረሰው ነው። እኔ በግፊት መቆጣጠሪያ ወደ 1.5 ባር አውርጄዋለሁ። በዚያ ግፊት ፈሳሹ በዓይን የሚታይ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ያረፈበት ላይ ይቀራል። መብራት አብርታችሁ ከጎን ስታዩት ጭስ ከመሰለ ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው።

ይሄ የሳንባ ጉዳይም ነው። የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ በ1998 ለብረት መቁረጫ ፈሳሽ ርጭት ያስቀመጠው ምክር በአንድ ሜትር ኩብ አየር 0.4 ሚሊግራም ነው፤ ያ ወደ ደረት ዘልቆ የሚገባውን ብናኝ ለክቶ ነው። ከ1 ሚሊግራም ግማሽ እንኳ አይሞላም። ትንሽ ክፍል ውስጥ በር ዘግቶ መርጨት ከዚያ ልክ ጋር አይሄድም። መስኮት ይከፈት፣ አየር የሚያስወጣ ፋን ይደረግ። የኮቪድ ጊዜ የተረፈው ስስ ማስክ ለዚህ አልተሠራም። ኤን 95ም ዘይት ላለበት ጉም አይደለም፤ ፊደሏ ራሷ ዘይት አይችልም ማለት ናት። ፒ የሚል ፊደል ያለበትን ፈልጉ።

ምን ልርጭ ለሚለው ሁሉም ሰው የየራሱ ሃይማኖት አለው።

መጀመሪያ የማይሆነውን ልንገራችሁ። ነዳጅ ማደያ ሄዳችሁ «ኩላንት» ካላችሁ የሚሰጣችሁ አረንጓዴው የራዲያተር ፈሳሽ ነው። እሱ ግላይኮል ነው፤ መርዝ ነው። በአየር በትናችሁ የምትተነፍሱት ነገር አይደለም።

ሰፈራችን ያሉ አንድ የቶርኖ ባለሙያ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኪቱን ሳሳያቸው አገላብጠው አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ አልሙኒየም የሚወደው ነጭ ጋዝ ነው። በብሩሽ ቀባ ቀባ አድርገው፣ ምን ይሄ ሁሉ ቱቦ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነጭ ጋዝ አልሙኒየም ቢት ላይ እንዳይጋገር በደንብ ያደርጋል፤ ድሮም የሚታወቅ ዘዴ ነው። ግን በብሩሽ ነው። በአየር ስትበትኑት በቀላሉ እሳት የሚይዝ ጉም ይሆናል፣ ለመተንፈስም አይሆንም። የጉሉኮሱንም ቱቦ ያደርቀዋል። በቶርኖ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ይቀባል፤ እኔ ማሽኑ ሲሠራ ቡና ማፍላት እፈልጋለሁ።

አልኮል የሚወዱም አሉ። ሥራው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ መጥረግ እንኳ አያስፈልግም። ግን ሒሳቡን እንየው። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ በደቂቃ ሲተን 38 ዋት ያህል ሙቀት ይወስዳል። ያው 1 ሚሊ ሊትር አልኮል (ኢታኖል) የሚወስደው 11 ዋት ገደማ ነው። በፍጥነት ስለሚተን እጅ ላይ ይበርዳል እንጂ ጠቅላላ የሚወስደው ሙቀት ከውሃ አንድ ሦስተኛ አይሞላም። እሳቱ ደግሞ አለ፤ ከ20 ዲግሪ በታች እንኳ የሚነድ እንፋሎት ይሰጣል። ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር፣ ማለትም ትንሿ 3018 ማሽን ላይ ያለው ዓይነት ወይም የእጅ ራውተር (የእንጨት መፈልፈያው)፣ ውስጡ ሁልጊዜ ብልጭታ አለ። አጠገቡ አልኮል አልረጭም። እናንተም አትርጩ።

እኔ የረጋሁት ውሃ ውስጥ ሲገባ ወተት የሚመስለው የመቁረጫ ዘይት ላይ ነው። የቶርኖ ቤቶች ሶሉብል ኦይል የሚሉት። 1 እጅ ዘይት ለ20 እጅ ውሃ። ዘይቱ ውሃው ላይ ይፈስሳል እንጂ ውሃው ዘይቱ ላይ አይፈስስም፤ በተቃራኒው ከሆነ አይዋሃድም። የቧንቧ ውሃ አፍንጫው ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ርካሽ ነው፣ እሱን ተጠቀሙ። አሲዱን አላልኩም፣ ውሃውን። ብዙ አትበጥብጡ፤ ቆሞ የከረመ ድብልቅ ባክቴሪያ ያበቅልና ክፍሉን በሙሉ ያገማዋል። ለሳምንት የሚበቃ ብቻ።

ኤሌክትሪኩ ቀላሉ ክፍል ነው። ከምናለሽ ተራ ከተፈታታ ማሽን የወጣ 12 ቮልት የአየር ቫልቭ አገኘሁ። የእኔ ማሽን የሚታዘዘው ግርብል በሚባል የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። ግርብል 1.1 ኤም 8 (ማቀዝቀዣ ክፈት የሚል ትእዛዝ) ሲታዘዝ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ኤ3 የምትባለዋን ፒን ያበራል፣ ኤም 9 ሲባል ያጠፋል። የርጭት ትእዛዙ በደንቡ ኤም 7 ነው፣ ግን እሱ እንዲሠራ ፕሮግራሙን ከፍቶ አስተካክሎ እንደገና መጫን ይጠይቃል። ኤም 8 ያው ሥራ ይሠራልኛል። ፒኗ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ትነዳለች፣ ሪሌዩ ቫልቩን። ቫልቩ ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) መግጠም አትርሱ። አለበለዚያ ሲዘጋ የሚፈጥረው ምት መቆጣጠሪያውን ሊያደናብር፣ ማሽኑም ሥራ መሀል ሊቆም ይችላል። ቫልቩን ደግሞ ወደ አፍንጫው አቅርቡት፤ ኮምፕሬሰሩ ጋር ካደረጋችሁት ቱቦ ውስጥ የቀረው አየር እስኪያልቅ ርጭቱ ይቀጥላል።

ታዲያ ሠራ ወይ? ሠርቷል። 6 ሚሊ ሜትር አንድ ጥርስ ያለው የካርባይድ ቢት፣ በደቂቃ 18,000 ዙር፣ በደቂቃ 1,200 ሚሊ ሜትር ፍጥነት። ይህ ማለት ጥርሱ በእያንዳንዱ ዙር 0.067 ሚሊ ሜትር ይነክሳል። ቀድሞ በዚህ ፍጥነት መሄድ አልደፍርም ነበር። በዝግታ መሄዱ ራሱ ነበር አንዱ ችግር፤ ቢቱ ሳይነክስ ሲፈትግ ሙቀት ብቻ ያተርፋል። አሁን ፍቅፋቂው ብርማ ሆኖ፣ ሳይቃጠል፣ ሳይጋገር ይወጣል። የተቆረጠውን ጠርዝ በጥፍር ስትሄዱበት አይይዝም። አንድ ቢት አሁን የት ድረስ እንደሚሄድ አላውቅም፣ ምክንያቱም ገና አልሰበርኩትም።

ግን አንድ ነገር ሞከርኩ። የጉሉኮሱን መቆጣጠሪያ ዘጋሁና ያንኑ ሥራ በደረቅ አየር ብቻ ቆረጥኩ። ቀጭን ላሜራ ላይ፣ ዙሪያ ብቻ ሲቆረጥ፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አልሙኒየምን የሚያጋግረው ፍቅፋቂው እዚያው ቀርቶ ቢቱ ደግሞ ደጋግሞ ሲፈጨው ነው። አየሩ ጠርጎ ካወጣው ግማሹ ጣጣ አብሮ ሄደ። ፈሳሹ ዋጋውን ያሳየው ጥልቅ ጉድጓድና ጠባብ ቦይ ላይ ነው። እዚያ ፍቅፋቂው መውጫ የለውም፣ ሙቀቱም እንዲሁ፤ በደረቁ ስሞክረው ያ ማጉረምረም ወዲያው መጣ። ስለዚህ ገንዘብ ካጠራችሁ መጀመሪያ አየሩን አስተካክሉ። ፈሳሹ ይደርሳል።

የፕላስቲክ ክንዱ ሌላ ቅሬታዬ ነው። ሲገዛ ጠንካራ ነው፣ ዘይት ሲለምደው ግን ይልላል። ሥራ መሀል ላይ አፍንጫው ቀስ እያለ ያጎነብስና ሌላ ቦታ መርጨት ይጀምራል። ሻጩን መለዋወጫ ብጠይቀው ሌላ ሙሉ ኪት እንድገዛ መከረኝ። የመኪና ፍሬን የመዳብ ቱቦ ገዝቼ ተካሁት። በእጅ ይታጠፋል፣ ባጠፋችሁት ይቀራል፣ ንዝረት አይነቃንቀውም። አፍንጫውን ከቢቱ 4 ሴንቲ ያህል አራቁት፤ አየሩ ፍቅፋቂውን ወደ ውጭ እንጂ ወደ ቦዩ ጫፍ እንዳይገፋ አቅጣጫውን አይታችሁ።

ሥራ ሲያልቅ ሐዲዶቹንና የሚሽከረከሩትን ዘንጎች ጥረጉና ዘይት ቀቡ፣ ውሃ ነው የረጫችሁት። ታንኩ ሥር ያለውን መክፈቻም በየቀኑ ክፈቱት፤ በተለይ ክረምት ላይ የሚወጣው ውሃ ያስገርማል። ስፒንድላችሁ በራሱ ፋን የሚቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ ጉሙን ወደ ውስጡ ይስበዋል፤ መከለያ ሳትሠሩ አትጀምሩ።

እንጨትና አክሪሊክ ብቻ የምትቆርጡ የታፔላ ሰዎች፣ ይህን ሁሉ አንብባችሁ ኪቱን ብትገዙ የፈሳሹን ቱቦ አትቀጥሉት። እንጨት በውሃ ያብጣል። አክሪሊክ ደግሞ አልኮል ሲነካው ጠርዙ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይሠራል፤ ያኔውኑ ባይታይ ደንበኛው ከሰቀለው በኋላ ይታያል። ለእናንተ ብሎኩ፣ አፍንጫውና 1.5 ባር ደረቅ አየር ይበቃል።